ከባንክራፕሲ በኋላ ክሬዲትን መልሶ መገንባት፦ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ ሞርጌጅ

በአሜሪካ የባንክራፕሲ (ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው በፍርድ ቤት ከዕዳው የሚገላገልበት ሕጋዊ ሂደት) መዝገብ ከፍተው ዕዳቸው የተሰረዘላቸው ብዙ ሰዎች ክሬዲታቸውን ለማቃናት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ለአዲስ ካርድ ማመልከት ነው። አሮጌዎቹ አካውንቶች ግን በክሬዲት ሪፖርታቸው (የብድርና የክፍያ ታሪካቸው መዝገብ) ላይ እስካሁን ያልተከፈለ ዕዳ መስለው ተመዝግበው ሊቆዩ ስለሚችሉ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፤ ሰውየውም ተስፋ ቆርጦ ወለዱ እጅግ ከፍ ያለ ካርድ ወይም የመኪና ብድር ይቀበልና ብዙም ሳይቆይ ወደነበረበት ጭንቀት ይመለሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ይፈጽሙ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች የዘለለ ሰው የቀሩትን በትክክል ቢፈጽም እንኳ ውጤቱ ይጎድልበታል።

መመሪያው የሚመለከተው ግለሰቦች የሚያቀርቧቸውን ሁለት የባንክራፕሲ ዓይነቶች ነው፤ ዕዳው ያለ ክፍያ ዕቅድ የሚሰረዝበትን ቻፕተር 7 እና በክፍያ ዕቅድ የሚካሄደውን ቻፕተር 13። የጠበቃን ምክር አይተካም፤ ጠበቃ እንዲጠይቁ በተነገረበት ቦታ ሁሉ በእርግጥ ይጠይቁ።

አስቀድመው የሚያውቋቸው ቀኖች

ሦስት ቀኖችን ለይተው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ መዝገቡ ለፍርድ ቤት የቀረበበትን ቀን፣ ዕዳው የተሰረዘበትን ቀን እና መዝገቡ የተዘጋበትን ቀን። እነዚህ የተለያዩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ለተለያየ ጉዳይ ያገለግላሉ።

ቻፕተር 7 በክሬዲት ሪፖርት ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ቻፕተር 13 ደግሞ ክሬዲት ቢሮዎቹ (ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች) በሚከተሉት አሠራር 7 ዓመት ይቆያል። ሁለቱም የሚቆጠሩት መዝገቡ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙዎች ከስረዛው ቀን ስለሚቆጥሩ መዝገቡ ከሪፖርቱ የሚወጣበትን ጊዜ በስሕተት ያሰላሉ፤ በተለይ የክፍያ ዕቅዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚፈጅበት በቻፕተር 13 ልዩነቱ ሰፊ ነው። የቤት ብድር ሰጪዎች ግን የመጠበቂያ ጊዜውን በአብዛኛው የሚቆጥሩት ከስረዛው ቀን ነው።

በባንክራፕሲው ውስጥ የተካተቱት አካውንቶች ደግሞ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ክፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቋረጠበትና ከዚያ በኋላ ካልተስተካከለበት ቀን አንሥቶ 7 ዓመት ሲሞላ መውጣት አለባቸው። ባንክራፕሲ ማቅረብ ይህን ሰዓት እንደገና አያስጀምረውም። ስለዚህ አንድ አበዳሪ የመጀመሪያውን መቋረጥ ወደ ባንክራፕሲው ቀን አዙሮ ቢመዘግብ ስሕተት ነው፤ በደረጃ 3 እንዲታረም ይጠየቃል።

ደረጃ 1፦ ዕዳዎ በእርግጥ መሰረዙን ያረጋግጡ

1. ፍርድ ቤቱ የሰጠውን የዕዳ ስረዛ ትዕዛዝ ግልባጭ ያግኙ። ከጠፋብዎ ከጠበቃዎ፣ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወይም ፔሰር ከተባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ድረ ገጽ ማውጣት ይችላሉ።

2. አበዳሪዎችዎን ሁሉ የዘረዘሩባቸውን ሰንጠረዦች ግልባጭ ያግኙ። በመያዣ የተሰጡ ዕዳዎች በሰንጠረዥ ዲ፣ ሌሎቹ በሰንጠረዥ ኢ/ኤፍ ይገኛሉ። በኋላ ከክሬዲት ሪፖርቱ ጋር መስመር በመስመር የሚያመሳክሩት ይህንን ነው።

3. ሁለቱንም ስካን አድርገው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ።

እንቅፋት ሲገጥም፦ መዝገቡ ተዘግቶ የስረዛ ትዕዛዝ ግን ከሌለ ዕዳዎ አልተሰረዘም ማለት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት መዝገቡ ከቀረበ በኋላ የሚወሰደው የገንዘብ አያያዝ ትምህርት የምስክር ወረቀት ለፍርድ ቤቱ ሳይገባ መቅረቱ ነው። ሕጉ ሁለት ትምህርቶችን ይጠይቃል፤ አንዱ መዝገቡ ከመቅረቡ በፊት፣ ሌላው ከቀረበ በኋላ። ሁለተኛውን የረሳ ሰው መዝገቡ ያለ ስረዛ ሊዘጋበት ይችላል። መፍትሔው ትምህርቱን ጨርሶ፣ መዝገቡ እንዲከፈት አቤቱታ አቅርቦና የመክፈቻውን ክፍያ ከፍሎ የምስክር ወረቀቱን ማስገባት ነው። ይህ ሳይደረግ ሌላ ምንም ነገር አይጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የልጅ ማሳደጊያ፣ የፍቺ ቀለብ፣ አብዛኞቹ የቅርብ ዓመታት ግብሮች፣ የወንጀል ቅጣቶች እና በልዩ ክርክር ካልተሰረዙ በቀር የተማሪ ብድሮች ከባንክራፕሲ በኋላም ይቀጥላሉ። እነዚህን ለብቻ ይዘርዝሩ፤ በአዲሱ በጀትዎ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ የሚይዙት እነርሱ ናቸው። የክሬዲት ነጥብዎ (ስኮር) ገና በማገገም ላይ ሳለ በአንዱ ላይ የሚፈጠር መዘግየት ሁሉንም ጥረት ያበላሻል። የፌዴራል የተማሪ ብድርዎ ቀድሞ ዲፎልት ውስጥ ከገባ (ለረጅም ጊዜ ሳይከፈል ከቀረ) ከዲፎልት ስለሚያወጣው የሪሃቢሊቴሽን ስምምነት ብድሩን የያዘውን ድርጅት ይጠይቁ፤ የተስማሙበትን ክፍያ በ10 ተከታታይ ወራት ውስጥ 9 ጊዜ በሰዓቱ ሲከፍሉ የዲፎልቱ ምልክት ከሪፖርቱ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት መዘግየቶች ግን ይቆያሉ።

ደረጃ 2፦ ሦስቱንም ሪፖርቶች አውጥተው ያንብቡ

ስረዛው ከተሰጠ በኋላ 2 ወይም 3 ወር ያህል ይጠብቁ፤ አበዳሪዎች መረጃቸውን የሚያድሱት በየወሩ ስለሆነ ቀድሞ ማውጣት ገና ያልታረመ ሪፖርት ከማየት በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያ በአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብተው የኢኩፋክስን፣ የኤክስፔሪያንን እና የትራንስዩኒየንን ሪፖርቶች ያውጡ። በዚህ ድረ ገጽ ሦስቱንም በየሳምንቱ በነጻ ማግኘት ይቻላል። ክሬዲት ካርድዎን የሚጠይቅ ገጽ ካገኙ የገቡት ሌላ ቦታ ስለሆነ ይውጡ።

ሦስቱም ቢሮዎች የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። በአንዱ ላይ የታረመው በሌላው ላይ ሳይታረም ሊቆይ ስለሚችል አንዱን ብቻ አይተው አይተዉ። በስልክ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ነጥብም የሪፖርቱ ምትክ አይሆንም።

ሪፖርቱን አትመው፣ የዕዳ ሰንጠረዦቹን በጎኑ ዘርግተው፣ እያንዳንዱን አካውንት እንደሚከተለው ይፈትሹ።

1. የተሰረዘው ዕዳ ቀሪ ሒሳብ ዜሮ መሆን አለበት። «ያለፈበት ክፍያ» በሚለው ቦታም ዜሮ መጻፍ አለበት።

2. አካውንቱ በባንክራፕሲ እንደተካተተ ወይም እንደተሰረዘ የሚገልጽ ቃል ሊኖረው ይገባል።

3. መዝገቡ ከቀረበበት ቀን በኋላ የተመዘገበ አዲስ የክፍያ መዘግየት መኖር የለበትም። ከዚያ ቀን በፊት የነበሩ እውነተኛ መዘግየቶች ግን ትክክለኛ መረጃ ስለሆኑ ይቆያሉ፤ እነርሱን ለማስነሣት ጊዜ አያባክኑ።

4. አንድ ዕዳ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ተሽጦ ከሆነ ዋናው አበዳሪም ገዢውም ቀሪ ሒሳብ እያሳዩ እንዳይሆን ይመልከቱ። ሁለቱም ዜሮ ሊሉ ይገባል።

5. የእርስዎ ያልሆነ አካውንት፣ አድራሻ ወይም የስም አጻጻፍ መኖሩን ያጣሩ። ስማቸው በልዩ ልዩ ሰነዶች ላይ በተለያየ ፊደል የተጻፈ ሰዎች መረጃ ከሌላ ሰው መረጃ ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ ይህን ክፍል በችኮላ አይለፉት።

6. የባንክራፕሲው መስመር ራሱ ትክክለኛውን ቻፕተርና የቀረበበትን ቀን መያዙን ይመልከቱ። ቻፕተር 13 ሆኖ ሳለ ቻፕተር 7 ተብሎ ከተመዘገበ ሦስት ተጨማሪ ዓመት ሊያስከፍልዎ ይችላል።

ቤት ወይም መኪና ይዘው ከቀሩ ሌላም የሚጠራ ነገር አለ። በቻፕተር 7 ውስጥ ብድሩን በሪአፈርሜሽን ስምምነት እንደገና ካልተቀበሉት የግል ዕዳው ቢሰረዝም በንብረቱ ላይ ያለው መያዣ ይቀራል፤ ስለዚህ ንብረቱን ላለማጣት መክፈልዎን ይቀጥላሉ፣ አበዳሪው ግን ክፍያዎቹን ለክሬዲት ቢሮዎች ላያሳውቅ ይችላል። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ መከራከር በአብዛኛው ፍሬ የለውም። ይልቁንም የከፈሉበትን የባንክ ማስረጃ በየወሩ ያስቀምጡ፤ ወደፊት ቤት ሲገዙ ወይም ብድሩን ሲያድሱ ለአዲሱ አበዳሪ የሚያሳዩት ታሪክ እርሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ስሕተቶቹን በጽሑፍ ያሳርሙ

ለእያንዳንዱ ስሕተት ስሕተቱ ለሚታይበት ቢሮ ሁሉ ለየብቻ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጻፉ። በድረ ገጽ መላክም ይቻላል፤ ሰነድ ማያያዝ በሚያስፈልግበት በዚህ ጉዳይ ግን በሰርቲፋይድ ሜይል መላክና የመድረሻ ማረጋገጫ መያዝ ይሻላል፤ ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደ መቼ እንደደረሳቸው ማስረጃ ይኖርዎታል።

ደብዳቤው ሙሉ ስምዎን፣ የልደት ቀንዎን፣ አድራሻዎን፣ የአካውንቱን ስምና በሪፖርቱ ላይ የታየውን ቁጥር፣ ስሕተቱ ምን እንደሆነ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ እንዲሁም ምን ተብሎ እንዲታረም እንደሚፈልጉ ይያዝ። ከስረዛ ትዕዛዙ ግልባጭ፣ አበዳሪው ከተዘረዘረበት የሰንጠረዡ ገጽ፣ ስሕተቱ የተከበበበት የሪፖርት ገጽ እና ከመታወቂያዎ ግልባጭ ጋር ይላኩት። ዋናውን ሰነድ ፈጽሞ አይላኩ። ያለፈ ኑሮዎን፣ ሕመምዎን ወይም ሥራ ማጣትዎን በደብዳቤው ላይ አይተርኩ፤ የሚያነበው ሰው መመርመር የሚችለው ቁጥርንና ቀንን ብቻ ነው።

ቢሮው አቤቱታው ከደረሰው ቀን አንሥቶ በአጠቃላይ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ውጤቱን ማሳወቅ አለበት፤ በምርመራው መካከል ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ ጊዜው ወደ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ማስረጃ በአንድ ጊዜ ይላኩ።

እንቅፋት ሲገጥም፦ ቢሮው «መረጃው ተረጋግጧል» ብሎ ቢመልስ ያንኑ ደብዳቤ ደግመው አይላኩ። ቀጥሎ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ መጀመሪያ ስሕተቱን ላስመዘገበው አበዳሪ በቀጥታ ከነማስረጃው ይጻፉ፤ ካልታረመ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ያስገቡ፤ ያም ካልሠራ ለባንክራፕሲ ጠበቃዎ ይንገሩ። የተሰረዘ ዕዳን እንዳለ አድርጎ ማስመዝገብ እንዲከፍሉ ጫና ለማድረግ የታሰበ ከሆነ የፍርድ ቤቱን የስረዛ ትዕዛዝ የሚጥስ ተግባር ሊሆን ስለሚችል ፍርድ ቤቱ አበዳሪውን ሊቀጣ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕዳ ሰብሳቢ ደውሎ ለተሰረዘ ዕዳ «ትንሽ ብቻ ይክፈሉና ከሪፖርቱ እናነሣልዎታለን» ቢልዎት አይክፈሉ። የመዝገቡን ቁጥር ይንገሩ፣ አድራሻውን ይቀበሉ፣ የስረዛ ትዕዛዙን ግልባጭ ይላኩ፣ የደወለውን ሰው ስምና ቀኑን ይመዝግቡ።

ሌላም በፖስታ ሊመጣ የሚችል ነገር አለ፤ 1099-ሲ የተባለ የግብር ቅጽ። አበዳሪው የተሰረዘውን ዕዳ እንደ ገቢ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አሳውቆ ሊሆን ይችላል። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ተደርጎ አይቆጠርም፤ ነገር ግን ቅጹን ችላ ካሉት ግብር ሊጠየቅብዎት ይችላል። ከዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዎ ጋር ፎርም 982ን ሞልተው ያያይዙ።

«ክሬዲት እናጸዳለን» ስለሚሉ ድርጅቶች

እስከዚህ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ ራስዎ በነጻ ማድረግ ይችላሉ። ትክክለኛ የሆነውን የባንክራፕሲ መዝገብ ማንም ከፍሎ ሊያስነሣ አይችልም። የፌዴራል ሕግ እነዚህ ድርጅቶች ሥራውን ሳይፈጽሙ አስቀድመው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ውል የፈረመ ሰውም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት የመሰረዝ መብት ይሰጠዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ፈንታ ሲፒኤን የተባለ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ገዝተው አዲስ የክሬዲት ማንነት እንዲፈጥሩ የሚመክሩት ናቸው። በብድር ማመልከቻ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር መጻፍ ወንጀል ነው፤ ቁጥሩም ከሕፃናት ወይም ከሟቾች የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ችግር ላይ ያለ ሰው ይህን እንደ መውጫ በር አድርጎ ሲቀበል ማየት እጅግ ያሳዝናል፤ ባንክራፕሲ ሕጋዊ መፍትሔ ነው፣ ይህ ግን ወደ እስር ሊያደርስ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የባንክ አካውንትና መጠባበቂያ ያዘጋጁ

አዲስ ክሬዲት ከመክፈትዎ በፊት በሰላም የሚሠራ ቼኪንግ አካውንት ይኑርዎት። ቀድሞ ለባንክ ሳይከፍሉት የቀረ ሒሳብ ከነበረዎት ስምዎ ባንኮች የአካውንት ታሪክ በሚያጣሩበት ቼክስሲስተምስ በተባለ ድርጅት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው መዝገብ እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ሪፖርቱን በነጻ ጠይቀው ስሕተት ካለ ያሳርሙ፤ እስከዚያው የሁለተኛ ዕድል አካውንት የሚሰጡ ባንኮችንና ክሬዲት ዩኒየኖችን (በአባላት የተያዙ የቁጠባና የብድር ተቋማት) ይጠይቁ።

ቀጥሎ ቢያንስ የአንድ ወር አስፈላጊ ወጪ እስኪጠራቀም ድረስ ትንሽ በትንሽ ያስቀምጡ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች መኪናቸው በተበላሸ ቀን ጥገናውን በአዲሱ ካርድ ይከፍሉና ካርዱ በመጀመሪያው ወር ይሞላል። በቻፕተር 7 ስረዛ ያገኘ ሰው ሌላ የቻፕተር 7 ስረዛ ለማግኘት ከመጀመሪያው መዝገብ ቀን እስከ ሁለተኛው 8 ዓመት መጠበቅ እንዳለበትም ያስታውሱ፤ አሁን የሚከማች ዕዳ በቀላሉ የሚሰረዝ አይደለም።

ደረጃ 5፦ አንድ ሴኪዩርድ ካርድ ይክፈቱ

ሴኪዩርድ ካርድ ማለት ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ አስይዘው የሚያገኙት ክሬዲት ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር ጀምሮ ይከፈታል፤ ያስያዙት ገንዘብም የካርዱ ሊሚት (የመጠቀሚያ ጣሪያ) ይሆናል። ፕሪፔይድ ካርድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለክሬዲት ቢሮዎች ስለማይዘገብ ለዚህ ዓላማ አይጠቅምም።

ቻፕተር 13 ላይ ያሉና ዕቅዱን ገና ያልጨረሱ ሰዎች ያለ ትረስቲው (መዝገቡን የሚከታተለው ባለአደራ) ወይም ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አዲስ ዕዳ ውስጥ መግባት በአብዛኛው ስለማይፈቀድላቸው ከጠበቃቸው ጋር ሳይነጋገሩ ይህን ደረጃ አይጀምሩ። የዕቅዱን ክፍያ በሰዓቱ መፈጸም ለእነርሱ ከማንኛውም ካርድ ይበልጣል፤ ዕቅዱ ፈርሶ መዝገቡ ውድቅ ከተደረገ ያልተከፈሉት ዕዳዎች ተመልሰው ይመጣሉ። ገቢ ከቀነሰ ክፍያው ሳይቋረጥ ዕቅዱ እንዲሻሻል ጠበቃዎን ይጠይቁ።

ካርዱን ሲመርጡ አራት ነገሮችን ይጠይቁ፤ ለሦስቱም ቢሮዎች በየወሩ ይዘግባል? ዓመታዊ ክፍያ አለው? ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ማስያዣውን መልሶ ወደ መደበኛ ካርድ ይቀየራል? ከባንክራፕሲ በኋላ ያሉ አመልካቾችን ይቀበላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማመልከት ከንቱ ሃርድ ኢንኳየሪ (ነጥብን ሊቀንስ የሚችል የሪፖርት ምርመራ) ያስከትላል። ዕዳው የተሰረዘበት ባንክም ለረጅም ጊዜ ላይቀበልዎት ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ሌላ ባንክ ወይም ወደ ክሬዲት ዩኒየን ይሂዱ። ነጥብ የማይነካ ቅድመ ምርመራ የሚያደርጉ ሰጪዎች ካሉ ያንን ያስቀድሙ።

ካርዱ እንደደረሰ እንዲህ ይጠቀሙበት።

1. አንድ ትንሽ የማይቀር ወጪ ብቻ ይመድቡለት፤ ለምሳሌ የስልክ ክፍያ። ከዚያ ውጭ ቤት ያስቀምጡት።

2. ቢያንስ ዝቅተኛውን ክፍያ የሚከፍል ኦቶፔይ ያስተካክሉ፤ ሙሉውን ደግሞ ራስዎ በየወሩ ይክፈሉ። ኦቶፔዩ ከመርሳት መጠበቂያ ነው።

3. ሁለት ቀኖችን ይለዩ፤ ስቴትመንቱ (የወሩ የሒሳብ መግለጫ) የሚዘጋበትን ቀንና የመክፈያውን ቀን። ለክሬዲት ቢሮ የሚላከው ቀሪ ሒሳብ በአብዛኛው ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን የነበረው ነው። የካርዱ ሊሚት 300 ዶላር ሆኖ በወሩ ውስጥ 240 ዶላር ቢያወጡና ሙሉውን በመክፈያው ቀን ቢከፍሉ ወለድ አይከፍሉም፤ ሪፖርቱ ግን ካርዱን 80 በመቶ የተሞላ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ 2 ወይም 3 ቀን አስቀድመው ከፍለው ቀሪውን ከሊሚቱ 10 በመቶ በታች፣ በዚህ ምሳሌ ከ30 ዶላር በታች ያድርጉት።

4. በካርዱ ጥሬ ገንዘብ አያውጡ፤ ወለዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ይህ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ብዙ አበዳሪዎች የሚጠቀሙበት የክሬዲት ነጥብ፣ ፋይኮ፣ ከምን እንደሚሰላ ማወቅ ይበቃል። ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። 35 በመቶው የክፍያ ታሪክ፣ 30 በመቶው ያለዎት ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው የክሬዲት ታሪክ ርዝመት፣ 10 በመቶው አዲስ ክሬዲት፣ 10 በመቶው የክሬዲት ዓይነት ነው። ከላይ የተጻፉት አራት ትእዛዛት በቀጥታ የሚነኩት ሁለቱን ትልልቅ ክፍሎች ነው፤ እነርሱም በእጅዎ ያሉት ናቸው።

እንቅፋት ሲገጥም፦ ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ የሚላክልዎትን ደብዳቤ አይጣሉ። የውሳኔውን ምክንያትና ሪፖርቱ የተወሰደበትን ቢሮ ስም ይይዛል፤ ከዚያ ቢሮም በ60 ቀን ውስጥ ነጻ ሪፖርት የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ሦስት ባንክ አያመልክቱ። ምክንያቱ ያልታረመ አካውንት ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ፤ ባንክራፕሲው ገና አዲስ ነው ከተባለ 6 ወር ጠብቀው ይሞክሩ። ሃርድ ኢንኳየሪ በሪፖርት ላይ 2 ዓመት ይቆያል፤ ፋይኮ ግን የመጨረሻውን 12 ወር ብቻ ይቆጥራል።

ክፍያ ካለፈብዎ ደግሞ በዚያው ቀን ይክፈሉ። ከመክፈያው ቀን 30 ቀን ሳይሞላ የተከፈለ መዘግየት ቅጣት ቢያስከትልም በአብዛኛው ለክሬዲት ቢሮ አይዘገብም። ለሰጪው ደውለው ቅጣቱ እንዲነሣልዎ በትሕትና ይጠይቁ። 30 ቀን ካለፈ መዘግየቱ ይመዘገባል፤ ያን ጊዜ ከፍለው፣ እንዲነሣልዎ የልመና ደብዳቤ መጻፍ ይችላሉ፤ ሰጪው ግን ግዴታ የለበትም።

ደረጃ 6፦ ከ6 ወር በኋላ ሁለተኛ አካውንት ይጨምሩ

የመጀመሪያው ካርድ 6 ወር ያለ አንድ መዘግየት ከተከፈለ በኋላ የክሬዲት ቢልደር ብድር ማየት ይቻላል። በብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች ይገኛል፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 1,000 ዶላር፣ ጊዜው ከ6 እስከ 24 ወር ነው። ገንዘቡ በተቆለፈ አካውንት ይቀመጣል፤ እርስዎ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ሲጨርሱ ገንዘቡ ይለቀቅልዎታል። በየወሩ ያለ ጭንቀት ሊከፍሉት የማይችሉት ከሆነ ይተዉት፤ ያለ እርሱም ክሬዲት ይገነባል።

ሌላው መንገድ የቅርብ ቤተሰብ በካርዱ ላይ እንደ ተፈቀደ ተጠቃሚ ስምዎን እንዲጨምር ማድረግ ነው። ካርዱ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ምንም መዘግየት የሌለበትና ቀሪ ሒሳቡ ትንሽ ሊሆን ይገባል። ባለቤቱ አንድ ወር ቢያዘገይ ጉዳቱ ለእርስዎም ይተርፋል፤ ያን ጊዜ ስምዎ እንዲወጣ ይጠይቁ። ካርዱን በእጅዎ ባይዙት ይመረጣል፤ ዝምድናን ከገንዘብ ጭቅጭቅ ይጠብቃል።

የቤት ኪራይን የሚዘግቡ አገልግሎቶችም አሉ፤ ሁሉም የነጥብ ስሌቶች ስለማይቆጥሩት ብዙ ገንዘብ አይክፈሉበት።

በዚህ ወቅት ለማንም ዋስ አይሁኑ። ኮሳይን ያደረጉት ብድር በእርስዎ ሪፖርት ላይ እንደ ራስዎ ዕዳ ይመዘገባል፤ ተበዳሪው ሲያዘገይ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ነጥብዎ ከወደቀ በኋላ ነው። ለሚጠይቅዎ ዘመድ ይህን በግልጽ ማስረዳት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደረጃ 7፦ የመኪና ብድር

ስረዛው በወጣ በሳምንታት ውስጥ «ባንክራፕሲ ችግር የለም» የሚሉ የመኪና ሻጮች ማስታወቂያ ፖስታ ሳጥንዎን ሊሞላ ይችላል። የባንክራፕሲ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስምዎን ያገኙት ከዚያ ነው። በራሳቸው የሚያበድሩ ሻጮች ወለዳቸው ከፍተኛ ከመሆኑም በላይ አንዳንዶቹ መልካም ክፍያዎን ለክሬዲት ቢሮ አይዘግቡም።

መኪና የግድ ካስፈለገ አስቀድመው ከክሬዲት ዩኒየን ቅድመ ፈቃድ ያግኙ፤ የቻሉትን ያህል ቅድመ ክፍያ ያዘጋጁ፤ የተለያዩ አበዳሪዎችን ዋጋ ማወዳደርን በ14 ቀን ውስጥ ይጨርሱ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ምርመራዎች በነጥብ ስሌቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የወለዱን መጠንና በጠቅላላው የሚከፍሉትን ገንዘብ ሳያዩ በወርኃዊ ክፍያ ብቻ አይደራደሩ። 12 ወር በሰዓቱ ከከፈሉ በኋላ በተሻለ ወለድ ለማደስ ይሞክሩ።

ደረጃ 8፦ የቤት ብድር መጠበቂያ ጊዜን ይቁጠሩ

ኤፍኤችኤ በተባለው የፌዴራል የቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋስትና የሚሰጥ ብድር ከቻፕተር 7 ስረዛ በኋላ በተለመደው ሁኔታ 2 ዓመት ይጠይቃል። በቻፕተር 13 ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ 12 ወር የዕቅዱን ክፍያ በሰዓቱ ከፈጸመና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት ሊታይለት ይችላል። ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው የቪኤ ብድር ከቻፕተር 7 በኋላ በአብዛኛው 2 ዓመት ይጠብቃል። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛውን ድርጅት፣ የፋኒ ሜይን፣ መመዘኛ የሚከተሉ መደበኛ ብድሮች ከቻፕተር 7 በኋላ 4 ዓመት ይጠይቃሉ፤ በቻፕተር 13 ከስረዛው 2 ዓመት፣ መዝገቡ ውድቅ ከተደረገ ግን 4 ዓመት ነው። እያንዳንዱ አበዳሪ ከዚህ የጠበቀ የራሱን መመዘኛ ሊጨምር ስለሚችል አንዱ ቢከለክልዎ ሌላውን ይጠይቁ።

ከማመልከትዎ 6 ወር አስቀድመው ሦስቱን ሪፖርቶች እንደገና ያውጡና ደረጃ 2ን በሙሉ ይድገሙት። በግምገማው መካከል በአቤቱታ ላይ ያለ አካውንት ቢገኝ ብድሩ ሊዘገይ ስለሚችል ማንኛውም እርማት ከዚያ በፊት ይጠናቀቅ። ባንክራፕሲው ለምን እንደደረሰና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤም ያዘጋጁ፤ እዚህ ላይ፣ ከደረጃ 3 በተለየ፣ የሕመም ወይም የሥራ ማጣት ታሪክዎ ከነማስረጃው ይፈለጋል።

ደረጃ 9፦ መዝገቡ በሚወጣበት ጊዜ

የባንክራፕሲው መስመር ጊዜው ሲደርስ ያለ ማመልከቻ በራሱ መውጣት አለበት። መዝገቡ የቀረበበት 7ኛ ወይም 10ኛ ዓመት ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ሦስቱንም ሪፖርቶች ያውጡ። በአንዱ ላይ ከቀረ በደረጃ 3 በተጻፈው መንገድ የቀረበበትን ቀን የሚያሳየውን ሰነድ አያይዘው ያሳርሙ። እስከዚያ ድረስ የከፈቷቸውን ካርዶች፣ ዓመታዊ ክፍያ ከሌላቸው፣ አይዝጉ።

የስረዛ ትዕዛዙንና የዕዳ ሰንጠረዦቹን መስመሩ ከሪፖርቱ ከወጣ በኋላም አይጣሉ። አሮጌ ዕዳዎች ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተሸጡ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ ድርጅት ስም ሊመጡ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ማስረጃ እነዚሁ ወረቀቶች ናቸው።